የፓስታው ቀንና የሀፊሳ ኒካህ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ኡሙሀኒ፣ መርሳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ እንዴት ከረምሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይ? ሀፊሳና ትንሿ ሩፋይዳስ ደህና ናቸው? ስለ እኔ ብትጠይቂ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከድካም በቀር የሚያመኝ የለም።

እማዬ፣ ለዒድ ለተቆረጠው ለሀፊሳ ኒካህ መምጣት አልቻልኩም። ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ዓመቱ ይምታታበታል፣ ሥራም ይቆማል የሚል ወሬ ከመስከረም ጀምሮ ሲናፈስ ነበር። የፓስታ ፋብሪካችን ማሽን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነውና ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ስብሰባ በስብሰባ ሆንን፣ ፈቃድም ለሁሉም ታገደ። አባታችን የለም፣ እህቴን የምድራት እኔ ነኝ ብዬ ብለምን፣ አለቃችን ገብረሃንስ አጆኻ፣ አይዞህ፣ ቀኑ በሰላም ካለፈ ለዒድ ትሄዳለህ አለኝ።

ቀኑ ሲቃረብ ደግሞ መላ አገኘሁ ብሎ መጣ። በሰው ዘመን ምን አስጨነቀን፣ እኛ ገና ዘጠና ሁለት ላይ አይደለን፣ ኮምፒውተሩንም የራሳችንን ቀን እናስይዘው አለ። አጨበጨብን። እኔማ ኒካሁ ታይቶኝ ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብኩ። እውነትም የተፈራው ቀን አለፈ፣ ማሽኑም ለአፍታ አልቆመም። ሻንጣዬን አሰርኩ።

ለካ በየፓኬቱ ላይ ቀን የሚያትመው ያው ኮምፒውተር ኖሯል! ፓኬቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተብሎ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ከሥሩ ዘጠና ሁለት ታተመበት። ነጋዴዎቹ ስምንት ዓመት የከረመ ፓስታ ላካችሁብን ብለው ትናንት መኪኖቹን ከነጭነታቸው መለሷቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ሌላው ሠራተኛ ሲስቅ እኔን ሳቅ እምቢ አለኝ። አሁን ሁሉንም ከፓኬቱ እያወጣን እንደገና እናሽጋለን፤ ይህ ሳያልቅ የሚወጣ የለም ተብሏል። ገብረሃንስም አጎንብሶ አብሮን ያሽጋል፤ አፍሮ ዓይኔን አያይም። ልቆጣው እፈልግና አንጀቴ ይራራል። ደክሞኛል፣ እማዬ።

ኒካሁን እንዳታስተላልፉ። የሙሽራው ወገን ተዘጋጅቷል። ወንድምሽ አብዱሰመድ በእኔ ስም ይዳራት፤ ውክልናዬን ለዒድ በሚመጡት ጎረቤቶቼ በኢክሪማና በኑርዬ ፊት ሰጥቻለሁ፣ እነሱም ይመሰክራሉ። እዚህ ከሮማናት አደባባይ የገዛሁላትን ሻሽ ይዘውላታል።

ሀፊሳ፣ ለእማዬ ደብዳቤ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ይህንንም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽው መሆኑን አውቃለሁ። የሙሽራውን እጅ ይዤ ዳርኩህ የምለው እኔ ነበርኩ፤ አባባ ሲሞት ቃል የገባሁልሽ ይህንን ነው። አጎታችን ዳርኩህ ሲል የእኔ ቃል ነው ብለሽ ስሚው። ማልቀስ ካማረሽ እዚህ ላይ ቆም በይ፤ ግን አታስረዝሚው፣ እማዬ ሰላምታዋን ትጠብቃለች።

እማዬ፣ ሩፋይዳን ሳሚልኝ። ለአጎቴ ለአብዱሰመድ፣ ለአክስቴ ለሳሊሃ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለአማቼም ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ መልኩን ገና አላየሁትም።

ልጅሽ ጃፋር
መቀሌ፣ ሰሜን
ታኅሣሥ ፳፮ ቀን ፲፱፻፺፪ ዓ.ም.