ሳህኑን ሳላይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የጠዋት ተራ። አስራ አራት አልጋ፣ ሁለት ነርስ። ኢንሱሊን የሚወጉት አራት ናቸው። ድፍርሱን የኢንሱሊን ብልቃጥ በመዳፍ መሃል ማንከባለል፣ መናጥ የለም። ስም ማረጋገጥ፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ ዩኒቱን፣ ሁለት ሰው ማየት፣ ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ ብሎ መውጋት። ትናንት በቀኝ ከሆነ ዛሬ በግራ። ከለመድኩት ብዛት እጄ እኔን አይጠብቅም።

6 ቁጥር ላይ አዲስ ልጅ ገብታለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሃያ ዓመቷ። ዓይነት አንድ ስኳር እንዳለባት ያወቀችው ገና ባለፈው ሳምንት። ሆዷን ስገልጥ ዓይኗን ጨፈነች። ልጄ ሚጡም እንዲህ ነበር የምታደርገው፣ በስምንት ዓመቷ፣ ስኳሩ የያዛት ሰሞን...

ልጄ ለሥራ ብላ ሌላ ከተማ ከገባች ዛሬ አራት ወር ሞላት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ደወልኩላት።

"ምሳ በላሽ?"

"በልቻለሁ እማ።"

"መርፌሽንስ?"

"ወግቻለሁ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው በቃ።"

ድምጿን ሰምቼ ናፍቆቱ ጭራሽ ባሰብኝ። ባር ባር አለኝ። ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። የትራሷን ልብስ እስካሁን አላጠብኩትም። ጅል ነኝ? ልሁን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የሄደች ቀን ያለችው ነገር ከሆዴ አልወጣም። "ነርስ አለኝ። እናት ነው የናፈቀኝ።" አንድ ቤት እየኖርን! ናፈቀኝ አለች...

እውነቷን ይሆን? ቦርሳዋን እፈትሽ ነበር። ጣቷን ይዤ የተወጋችበትን እቆጥር ነበር። "ስንት ሆነ?" ሳልል "እንደምን አደርሽ" ያልኩበት ጠዋት ትዝ አይለኝም። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ። እንዳትሞትብኝ ነው። ይኼን እንኳ በቅጡ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ምን ጉድ ነው የሠራሁት።

ለምሳ የ6 ቁጥሯን ስኳር ለካሁ። የታዘዘላት ስድስት ዩኒት ነው፣ ከፈጣኑ ኢንሱሊን። አብራኝ ተራ የገባችው ቀጭኗ ነርስ ሲሪንጁን አይታ ልክ ነው አለችኝ። ልጅቷን "ምሳ በላሽ?" አልኳት። "በልቻለሁ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ።" ወጋኋት።

ሰዓት ሳይሞላ የ5 ቁጥሯ እትዬ ተጣሩ። ደረስኩ። ልጅቷ በላብ ተጠምቃለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስሟን ስጠይቃት ምላሷ ተሳሰረ። ለካሁ፤ ስኳሯ አርባ ሁለት ወርዷል። መዋጥ አላቃታትም፣ ተመስገን። ስኳር በጥብጬ ጎንጭ ጎንጭ አደረግኳት። አስራ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ስለካት ሰባ ስምንት። የኔም ነፍስ መለስ አለች።

ለካ ምሳዋን አልነካችውም። ሳህኑ ካልጋው ሥር፣ እንደተከደነ።

"ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልሽኝ የኔ ልጅ?"

"አቅለሽልሾኝ ነበር ሲስተር። ደግሞ... ሰው ሲጠይቅ በልቻለሁ አይደል የሚባለው? እንዳላስቸግርዎት ብዬ።"

እኔስ ሰው ቤት ሄጄ አንጀቴ እየጮኸ ስንቴ በልቻለሁ ብያለሁ። ይሉኝታ ያላሳደገው ማን አለ? ግን መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብል ሳህኑን አየው ነበር። አልጎነበስኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ቀጭኗ "ደህና ሆናለች፣ ምን አስጨነቀሽ? ተይው" አለችኝ። አልተውኩትም። ስህተቴን ጻፍኩና ራሴ ለነርሶች ኃላፊ፣ ለሜትረኗ፣ ሰጠኋት። አብረን ነው የተማርነው፣ ግን ሥራ ላይ ዘመድ የላትም። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። አልጮኸችም።

"ከእንግዲህ በላሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀረ። ምግቡ ፊቷ ቀርቦ፣ ስትጎርስ በዓይናችን አይተን ነው።"

ልወጣ ስል "ልጅሽስ? ስኳሯ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ ትላለች" አልኳት።

ትላለች... ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በአራት ወር ስንት በልቻለሁ ነው አምኜ የዋጥኩት? የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

6 ቁጥር ዛሬ ወጣች። ራሷን ወግታ አሳየችኝ፣ ከኔ ይልቅ የሷ እጅ ይቀላል። "መርፌ መች አዲስ ሆነብኝ ሲስተር" ብላ አሳቀችኝ።

ለሚጡ ልደውል ብዬ ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልጀምር? "እውነቱን ንገሪኝ" ካልኳት ያው ምርመራ ነው። ጭራሽ ማንሳት ብትተውስ?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ደወልኩ። ስለ ምግብ አላነሳሁም።

"ሚጡ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ" አልኳት። የሳህኑን፣ የአርባ ሁለቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ተሳሳትኩ ስል ሰምታ አታውቅም።

"ደነገጥሽ እማ?"

"በጣም። አንቺን መሰለችኝ።"

በር ስትዘጋ ሰማሁ።

"ባለፈው ወር... እኔም ደረጃው ላይ ወድቄ ነበር። ሳልበላ ወግቼ። አከራዬ ናቸው ያነሱኝ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።"

ስንት ወርዶ ነበር? ስንት ዩኒት ወጋሽ? ራስሽን መታሽ? ሁሉም አፌ ላይ መጣ። ያዝኩት። እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

"ናፍቀሽኛል" አልኳት። እንባዬ ቀደመኝ።

"እኔም።" ከዚያ ደግሞ፣ "አሁንም ገና አልበላሁም እማ። አትዝጊው፣ አብረን እንብላ።"

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ዳቦ ቆረስኩ። እሷ ጋ መሳቢያ ተከፈተ፣ ማንኪያ ተንኳኳ። አፏ ሙሉ ሆኖ ስለ አለቃዋ አወራችኝ፣ ድምፁን እያስመሰለች። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ስኳሯን አልጠየቅኳትም።

ልንዘጋ ስንል ስንት እንደሆነ ራሷ ነገረችኝ።