ጀልባዋ የያዘችው የመጀመሪያ ዓሣ

ለውድ አበልጄ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ እንዴት ሆኖ ያገኝሽ ይሆን? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? እህትሽስ ልጆቿስ እንደምን ናቸው? የኩማና ከተማ ሙቀት ከኛ ይብሳል ይላሉ፤ መስኮት ያለው ክፍል ሰጥተውሽ ከሆነ ደስ ይለኛል። እኔን ብትጠይቂ አለሁ። ሲነጋ እነሳለሁ፣ ሲመሽ እጋደማለሁ፣ የተሰጠኝን እበላለሁ። ዶሮዎቹም ደኅና ናቸው። ዝናብ የለም። የጨው ማምረቻው እንደ ድሮው ነው፤ ነፋሱም እንደ ድሮው ነው።

ቶሎ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ጥቂት እጽፍና እጄ ሲዝል እነሳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ነገሩ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥብሽ አትቀየሚኝ።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ። የልጄ የአኒባል የዘጠኝ ቀን የሙት ጸሎት ባለቀ ማግስት በርሽን ባንኳኳ ተቆልፏል። ኢግናሲያ በአጥሯ ላይ አንገቷን አስግጋ «በማለዳዋ መሻገሪያ ጀልባ ሄደች፤ ዓይንሽን ማየት አቃታት» አለችኝ። የኔ ልጅ ባሕር ቀርቶ ያንቺ ስለተመለሰ ነው? ልጅ ተርፎልሽ ማፈር አለብሽ ያለሽ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ልጅሽን ፌርሚንን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቄሱ ውኃውን ሲያፈሱበት እንዴት እንደጮኸ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በጸሎቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የዓሣ አጥማጆቹን ሽማግሌ የአያ ሲክስቶን ሸሚዝ አይ ነበር። አንዱ ቁልፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ነጭ ክር ጠፍቶ ነው? ጸሎቱ እስኪያልቅ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። እንባ አልመጣልኝም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። ሰዉ ጠንካራ ናት ይለኛል። ጠንካራ አይደለሁም። ክንድ ሲተኙበት እንደሚደነዝዘው ነው የሆንኩት፤ ክንድ ግን ቢያሹት ይመለሳል። የሚቀበር ነገር ስላልተገኘ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተነው የነበረውን ሸሚዙን አጥፌ ሣጥን ውስጥ መለስኩት።

አሁን ስለ ጀልባችሁ ልጻፍልሽ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ አሸዋው ላይ ተገልብጣ ነበረች። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ሰው የበላች ጀልባ የተረፈው ሰው ብቻውን አንድ ጊዜ ይወጣባታል፣ መጀመሪያ የያዘውን ዓሣ ለሟች እናት ያመጣል፣ እናትየው በገዛ እጇ ጠብሳ ከበላች ጀልባዋ ነጻ ነች። ካልበላች ማንም እግሩን አያስገባባትም። የባልታሳራን ጀልባ አስታውሺ። የሟቹ እናት ዓሣውን ለፔሊካን ወፎች ወረወረችው፤ ይኸው ዛሬም የኢግናሲያ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባታል።

ፌርሚን ዓሣውን ሊያመጣ ደፍሮ አልመጣም። በጎዳናው ያልፋል፣ ቆቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ሚስቱ ሆዷ ገፍቷል፤ ቤታቸው የሚበስለውን ጎረቤት ነው የሚልክላቸው። ኢግናሲያ ትመጣና «እንዳትሞኚ! ያ ዓሣ ስንት ጥርስ እንዳለው አታውቂም? ማንን እንደ ነከሰ በምን ታውቂያለሽ? እኔ ብሆን ፊቱ ላይ ነበር የምወረውርለት» ትለኛለች። እሷ ስትሄድ ደግሞ አያ ሲክስቶ ብቅ ይላል። «ብትበዪም ባትበዪም የሚፈርድብሽ የለም። ግን ልጄ፣ ጀልባ እንጨት ናት። እንጨት ፀሐይ ላይ ከተሰነጠቀ ባሕር አይሰፋውም» ይለኛል። እኔ ለሁለቱም እሺ እላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጨው ልለምን ወደ ዳር ስወርድ እግሬ ወደ ጀልባዋ ወሰደኝ። ጎንበስ ብዬ ከሥሯ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም፤ ጥላ ስለነበር ይሆናል። አኒባል ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ የማጥመጃው ክር ጫፍ እንደ ታሰረ ነው፤ ክንድ የምታህል ቀርታለች።

ፌርሚን ለሁላችንም የነገረንን አንቺም ሰምተሻል። ጥብጣብ ዓሣ ሲነክስ በቀስታ ነው፣ ድመት ወተት እንደምትልስ። አኒባል «እማዬ፣ በመዳፍ አይሰማም» እያለ ክሩን የእጁ አንጓ ላይ ይጠመጥመው ነበር። ስንቴ ተቆጣሁት! «ዓሣዎቹ ከታች ራሳቸውን ቀና አድርገው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቆመው ነው የሚጠብቁኝ፤ ምን ያደርጉኛል?» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። የዚያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያዘ። እየሳበው ሳለ ሌላ ትልቅ ነገር ከታች መጥቶ ዓሣውን ከነመንጠቆው ዋጠው። ልጄን ከአግዳሚው ነጥቆ ወሰደው። ክሩ ግን ጀልባዋ ላይም ታስሯልና ጀልባዋ ተጋደመች፣ ውኃ ገባት። «ከዚያ ክሩ ተበጠሰ፣ የክርስትና እናቴ» አለኝ ፌርሚን፤ ከዚያ ሌላ አልተናገረም። መንደሩ ሁሉ ዓሣው በጥርሱ በጠሰው አለ።

ጥርሱ የሚደርሰው ታች ነው፣ መንጠቆው የታሰረበት ሽቦ ጋ። ሽቦ የምናስርበትም ለዚሁ ነው። እኔና አንቺ ባሎቻችን በሕይወት ሳሉ በራፋችን ላይ ቁጭ ብለን ስንት ክር ስናስር ኖረናል፤ ተስቦ የተበጠሰ ክር ጫፉ ይሳሳል፣ ይጠቀለላል። አግዳሚው ላይ የቀረው ጫፉ ግን ድፍን ነበር፣ መቀስ እንደ ነካው የተስተካከለ። ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት። ጨዉን ለምኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፣ የምስር ሾርባ ሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍልሽም። አንዳንዴ በሁለት ቤት ሁለት ሻማ ከሚበራ በአንዱ አንድ ሻማ ይሻላል እላለሁ። እልና ደግሞ ወዲያው አልልም። ድስት እያጠብኩ፣ ዶሮ እያበላሁ፣ እላለሁ፣ አልልም። ንዴት ይመጣ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁት። እሱም አልመጣም። ያለው ያ ክር ብቻ ነው፤ ከቁልፎቼ ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለአያ ሲክስቶ ባሳየው ኖሮ ፌርሚን በዚህ ዳርቻ ዳግመኛ መረብ አይጥልም ነበር። አላሳየሁም። አሳያለሁም አላልኩም፣ አላሳይምም አላልኩም።

በመጨረሻ እኔው ላክሁበት። ለኢግናሲያ «ዓሣዬን ያምጣልኝ በዪው» አልኳት። ሄዳ ነገረችው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ፌርሚን ጀልባዋን አቅንቶ ብቻውን ወጣ፤ ፀሐይ ስትሞቅ መጣ። ዓሣውን ትከሻው ላይ አጣጥፎታል፣ ጭራው ጉልበቱ ጋ ይደርሳል፣ እንደ ብር ያበራል። ሰው በአጥሩ ዙሪያ ተሰብስቧል። አያ ሲክስቶ «ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የካህን መታጠቂያ?» አለ። ማንም አልሳቀም። ፌርሚን ከበሩ አላለፈም። ከስቷል፣ አበልጄ። አንገቱ እንደ ዶሮ አንገት ሆኗል። «ግባ» አልኩት። «እዚሁ ልሁን፣ የክርስትና እናቴ» አለኝ። «ዓሣውን ማን ይይዝልኛል? ግባ!» አልኩት፤ ገባ።

የአኒባልን ቢላዋ አወጣሁ። ብርማ ቆዳውን ፋቅሁት፤ ጣቴ ላይ እንደ ቀለም ተጣበቀ። ራሱን ቆርጬ ጣልኩ። ጎኑን እየተለተልኩ ጨውና ሎሚ አሸሁበት፣ የበቆሎ ዱቄት ነሰነስኩበት። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ እዚያ መኖሬም አያስፈልገውም ነበር።

እሳቱ ሲቀጣጠል ጣሳዬን ከፈትኩና ያቺን ቁራጭ ክር ምድጃው ውስጥ ከተትኳት። ተኮማተረች፣ ቀለጠች፣ መጥፎ ሽታ ሸተተች። ፌርሚን አያት ነበር። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «የክርስትና እናቴ፣ እኔ…» ሲል «ሽታው እስኪያልፍ መጥበሻውን ያዝልኝ» አልኩት። ያዘው። ዘይቱ በጠርዙ ፈሰሰበት። ኢግናሲያ ከአጥሩ ውጭ «ምንድን ነው የሚሸተው? ፕላስቲክ አቃጠላችሁ እንዴ?» ብላ ጮኸች። «ማገዶ ነው» አልኳት።

ሽታው አለፈ። ጠበስኩት። ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ያለውን እሾህ ነቅዬ ከመሐሉ ቆርሼ በበቆሎ ቂጣ በላሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ምን ምን ይላል ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ጨው መኖሩንም አላውቅም። አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። አያ ሲክስቶ ቆቡን አወለቀ። ኢግናሲያ «በላች!» ብላ ጮኸች፤ የዚያን ሁሉ ቀን ምክሯን ረስታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወንዶቹ ሮጠው ወርደው ጀልባዋን ወደ ውኃው ገፏት።

ግቢው ባዶ ሲሆን ከቀረው ዓሣ እሾሁን ለቅሜ ቁራሹን የፌርሚን መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት፣ በልጅነቱ እንደማደርግለት። «አልችልም» አለ። «እኔ ችያለሁ» አልኩት። በላ። እያለቀሰ በላ። እኔ አላለቀስኩም።

ሊሄድ ሲነሳ ወገቡን አየሁት፤ ባዶ ነው። ቢላዋ እንደማይዝ ወንዶቹ ከነገሩኝ ወዲህ ልብ ብዬ ነበር፤ የራሱን ቢላዋ ባሕር ወሰደው ይላል፤ ሌላ እንግዛልህ ቢሉት እንቢ ብሏል። ዓሣውን ከመንጠቆ በጥርሱ ሊያላቅቅ ነው እያሉ ይስቁበታል። የአኒባልን ቢላዋ አጥቤ፣ ጠርጌ፣ ሰጠሁት። እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ቀበቶው ውስጥ እኔው ሻጥኩለትና «ያለ ቢላዋ ጀልባ ላይ አይወጣም» አልኩት። እንደዚያ ብቻ ነው ያልኩት።

አበልጄ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። የልጅሽ ሚስት ልትወልድ ነው፤ የሴት እጅ ያስፈልጋታል፣ የኔ እጅ ብቻውን አይበቃም። ፌርሚን ሲያይሽ አንድ ነገር ሊነግርሽ ይጀምር ይሆናል። ከነገረሽ ስሚው፣ ጩኸት ግን አታሰሚው። ካልነገረሽ አትጠይቂው። እኔም ሳልጠይቀው ነው የኖርኩት፣ ይኸው ኖርኩ።

ስትመጪ በኔ በር ግቢ። እንባ ብቻዬን እንቢ አለኝ፤ ምናልባት ከሰው ጋር ይሻለው ይሆናል።

የሸለቆዋ ድንግል ማርያም በመንገድሽ ትቅደምልሽ፣ የምትሻገሪውን ውኃ ጸጥ ታድርግልሽ። ለእህትሽና ለልጆቿ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሚወለደውን ሕፃን ለመታቀፍ ያብቃሽ፤ ስሙን እናንተ ምረጡ፣ እኔ የማቀርበው ስም የለኝም።

የፌርሚን የክርስትና እናት