ኩባ ዝናብ ይበዛል ወይ?

ሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1971

እስከ ቅዳሜ መፈረም አለብኝ። ቀበሌ ጠርተው ቅጹን አሳዩኝ። ልጄ ሰላም ኩባ ሄዳ እንድትማር ተመርጣለች። አባቷ ባቡር ላይ ሲሠራ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ፈንጂ ስለገደለው ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእሱ በኋላ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ቅጹ ላይ "በሽታ አለባት ወይ?" ይላል። ጸሐፊው ሳይጠይቀኝ "የለባትም" ብሎ ሞልቶታል። አስም አለባት። አየሁት፣ ዝም አልኩ። ቀበሌ ስገባ አፌ ይደርቃል።

ለሰላም ስነግራት አልጋው ላይ ዘለለች። ወዲያው ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። "አሁን ይተወኛል እማዬ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

አጣቢ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል ጓሮ አንሶላ ሳሰጣ ኩባዊቷ ሐኪም ዶክተር ኢሳቤል አለፈች። ሁልጊዜ ሰማዩን እያሳየች የሆነ ነገር ትለኛለች፣ እኔም ሳይገባኝ እስቃለሁ። ዛሬ አስቆምኳት። ሰማዩን እያሳየሁ "ምንድን ነው የምትዪኝ?" አልኳት በምልክት። ገባት። እንደሰማሁት ጻፍኩ፦

ሶል፦ ፀሐይ
አሴ ካሎር፦ ይሞቃል
ቢየንቶ፦ ነፋስ (የሚውለበለበውን አንሶላ አሳየችኝ)
ኑቤ፦ ደመና
ዩቢያ፦ ዝናብ
ፍሪዮ፦ ብርድ (ትከሻዋን አቅፋ ተንቀጠቀጠች)

አብራኝ የምታጥበው ሐሊማ "አቦ፣ የምትሄጂው አንቺ ነሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ልጄ የምትኖርበትን አየር ማወቅ አለብኝ። ሌላ ምን ማወቅ እችላለሁ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ዶክተር ኢሳቤልን "ኩባ ፍሪዮ?" አልኳት። "ኖ፣ ኖ! ካሎር!" ደስ አለኝ፤ ሙቀት ለምደናል። "ዩቢያ?" ስላት "ሙቻ" ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ብዙ ማለት ነው። ከዚያ ከገንዳው እርጥብ አንሶላ አንስታ ፊቴ ላይ አስጠጋችውና አየሩን በጣቷ ዙሪያውን አሳየችኝ። "ኡሜዳድ" አለች።

እርጥበት። አየሩ እንደዚህ አንሶላ ነው ማለቷ ነው።

ደስታዬ ጠፋ። ሰላምን የሚያማት ይኸው ነው። በድሬ ደረቅ ሙቀት ደህና ትከርማለች። አምና የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የቤታችን ግድግዳ ውሃ የጠጣ ጊዜ ግን ሦስት ቀን መተኛት አቅቷት ቁጭ ብላ ነው ያደረችው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጓድ ታደለን ለመንኩት። ኩባ የሚሄዱትን ልጆች መዝጋቢም እሱ ነው። ስለ ሰላም አስም ነግሬው ሐኪሟን እንዲጠይቅልኝ አደረግኩ። ሐኪሟ ሳትስቅ ብዙ ተናገረች። መሃል ላይ "ኡሜዳድ" ሰማሁ። "ሙቻ ዩቢያ" ሰማሁ። "አስማ" ሰማሁ፣ አስም በነሱም ያው ነው። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ታደለ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አየሩ እንደ ድሬ ነው፣ ይስማማታል ትላለች" አለኝ።

"ዝናቡስ?" አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። "ስፓኒሽ የት ተማርሽ?"

"አንሶላ ሳሰጣ።"

አልሳቀም። ሰው በምናምን በሚጠረጠርበት ጊዜ የባዕድ ቃል ጽፎ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ገጹን ልቀደው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ሐሊማ "ወላሂ፣ ሰውዬውን ተዪውና ልጅቷን ራሷን ለሐኪሟ ውሰጂላት" አለችኝ። ወሰድኳት። ዶክተር ኢሳቤል ደረቷንም ጀርባዋንም አዳመጠች። እኔ "ኩባ፣ ኡሜዳድ፣ ሰላም፣ አስማ" አልኩና ሌላ ቃል አጥቼ ቆምኩ። አየችኝ። ክኒን ከኪሷ አውጥታ "ሲ" አለች። ክኒኑን ደበቀችና "ኖ" አለች። መድኃኒት ካገኘች ትችላለች፣ ካላገኘች አትችልም።

ስንወጣ ሰላም እጄን ለቀቀች። "ልታስቀሪኝ ነው አይደል?"

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ቀበሌ ሄጄ "ቅጹ ይስተካከልልኝ፣ አስም አለባት" አልኩ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ጓዲት፣ የልጅሽን ዕድል በገዛ እጅሽ ልታበላሺ ነው?"

"ያለባትን ጻፉልኝ፣ ሌላ አላልኩም።"

ጻፈ። ውሳኔው ማክሰኞ ይነገርሻል ተባልኩ። ታደለ በር ላይ ጠበቀኝ። ይቆጣኛል ስል አንገቱን ደፋ። "የልጆቹን ቁጥር አሟላ ተብዬ ነው" አለ። "እኔም ልጅ አለኝ።" ጥዬው ሄድኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 15

ሰላም አታናግረኝም። ምሳዋን ይዛ በረንዳ ላይ በላች። ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ ደረቷ ተዘጋ። ከኋላዋ ሆኜ ደግፌያት ተቀመጥን። ሲለቃት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "እዚያ ሲይዘኝ ማን ይደግፈኛል?" አለች። ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ፈርቼው ነበር። "ካልፈለግሽ ቅሪ" አልኳት። "እፈልጋለሁ" አለች። "ፈርቼም እፈልጋለሁ።"

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 17

አላስቀሯትም። ዶክተር ኢሳቤል ወረቀት ጽፋ ልካለች። ታደለ ቃል በቃል አነበበልኝ፦ አስም እንዳለባት፣ መድኃኒት ከእጇ እንዳይለይ፣ እንደደረሰች ሐኪም እንዲያያት። የመንገዷንም ክኒን ሰጥታለች። "አሁን ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው" አለኝ።

እዚህ ልጻፈው፣ ለማንም አልነግረውም። አስሟን ያስመዘገብኩት ለጤናዋ ብቻ አልነበረም። እንዲሰርዟት ነበር። እነሱ "አይሆንም" ቢሏት ኖሮ ያስቀራት ቀበሌው እንጂ እኔ አልሆንም ነበር።

ፈረምኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

ባቡሩ ጠዋት ወጣ። ከድሬ አራት ልጆች ናቸው፤ አዲስ አበባ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላሉ። ይዛቸው የምትሄደዋ ሴትዮ ኮስታራ ናት። የሐኪሟን ወረቀት ስሰጣት ቆማ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ "ክኒኑ የቱ ሻንጣ ውስጥ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከሻንጣ አስወጥታ በራሷ ቦርሳ ያዘችው። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ሰላም አላለቀሰችም። እኔም እስኪሄዱ ቻልኩት። ሐሊማ ሥራዬን ሸፍናልኝ ነበርና ቤት መግባት እችል ነበር፤ ግን ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሐዲዱ ላይ ሰው መሻገር ሲጀምር ነው የተነሳሁት።

ሴትዮዋን ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ።