የጉድጓዱ ውሃ ከሰዓት በኋላ ለምን ይወርዳል?

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይቆረጥምዎታል ወይስ ቅባቱ ረዳዎት? የእማማስ ዓይን እንዴት ሆነ? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ጌጥ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች? እኔ ከናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም።

ታናሽ ወንድሜ በስልክ «ሥራው ምን ደረሰ?» እያለ ሲወተውተኝ ዝም ያልኩት ለክፋት አይደለም፤ ነገሩ ሳይለይለት ላስጨንቃችሁ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ለይቶለታልና ከሥሩ ላጫውትዎ።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ለመቀጠር ዲግሪ ብቻ አይበቃም። አመልካቹ በተማሪዎች ፊት አንድ ሰዓት ያስተምራል፤ ሦስት መርማሪዎች ከኋላ ተቀምጠው ይመዝኑታል። ከሦስቱ አንዱ፣ ተማሪዎች «ቀይ እስክሪብቶ» የሚሏቸው አዛውንት ፕሮፌሰር ናቸው። እኔም ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼ ገባሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ቃሉ ሳይደናቀፍ ወረደልኝ።

ከዚያ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእኛ ቤት ጉድጓድ ማንም ሳይቀዳበት ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል። ጠዋት ሲያዩት ተመልሷል። ለምንድን ነው?» አለችኝ።

አባባ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ማምለጥ እችል ነበር። ግን ጥያቄው ራሱ ያዘኝ። «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገዋለን» አልኳት። ቀይ እስክሪብቶ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሯቸው ጠርተው «በፈተና ቀን አላውቅም ያለ አመልካች ገና አላየሁም። ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይነገርሻል» አሉኝ። ግን በልጅነቴ «ለምንዬ» የሚል ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎትና ያውቁኛል፤ ከውሳኔው ይልቅ ልቤን የሰቀለው ጥያቄው ነበር።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነ አሮጌ ጉድጓድ አለ። አትክልተኛውን ለምኜ አስከፈትኩት። ከዚያችው ተማሪ ጋር ገመድ ጫፍ ላይ ብሎን አስረን፣ ከጠዋት እስከ ምሽት በየሰዓቱ ለካን። የሚቀዳበት የለም፤ ሆኖም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ጣት ያህል ወርዶ እናገኘዋለን፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሷል። ደመና በዋለበት ቀን ግን እምብዛም ንቅንቅ አላለም። ግራ ገብቶን ስንተያይ አትክልተኛው አካፋቸውን ተደግፈው፣ ዙሪያውን የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች በአገጫቸው አሳዩንና «እናንተ የምታስቡት ስለ ሰው ብቻ ነው፤ እነዚህስ አይጠሙም?» አሉን።

መልሱ ዛፎቹ ነበሩ። ፀሐይ ስትበረታ ሥሮቻቸው ውሃውን ይስባሉ፤ ሲመሽ ያርፋሉ፤ ውሃውም ከዙሪያው እየሰረገ ይመለሳል። መጻሕፍት ሳገላብጥ ለካ ነገሩ ድሮ የታወቀ ነው። ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽም ሳቅኩ።

ውሳኔውም መጣ፤ ሁለት ለአንድ ሆኖ ተቀጠርኩልዎ! የተቃወሙት ቀይ እስክሪብቶ ናቸው። ሄጄ ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። «አላውቅም ማለትሽን ወድጄዋለሁ። ግን ልታውቂው የሚገባ ነበር፤ አላነበብሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ግን በየጠዋቱ በሬን አንኳኩተው «ውሃው ዛሬስ የት ደረሰ?» ይሉኛል።

አሁን ደግሞ እርስዎን ልጠይቅ። ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ዛፍ አጠገብ ያለውና ሜዳ ላይ ያለው ጠባያቸው ይለያይ ነበር? ውሃው ሊደረስበት ሲል የአፈሩ ሽታ ይለወጣል ይሉን ነበር፤ ምን ምን ይላል? ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ አጣሁ። ስለዚህ ኃላፊውን አስፈቅጄያለሁ፤ ለአንድ ቀን እንግዳ መምህር ሆነው ይመጡልናል። ፊደል አልቆጠርኩም ብለው እንዳያመካኙ፤ ጠመኔው የእኔ፣ ትምህርቱ የእርስዎ። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ካሁኑ ጽፈው ሰጥተውኛል። ሃያ ሦስት ነው፤ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም።

እማማን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሙልኝ። አክስቴን፣ ስፌቷን ለአፍታ አቁማ ሰላምታዬን ትቀበል በሏት። ይህን የሚያነብልዎት ወንድሜም ሰላም ይሁን፤ እሱን ያማሁበት ቦታ ላይ ዘሎ እንዳያነብ አደራ።

አክባሪ ልጅዎ

ከመምህራን መኖሪያ፣ ክፍል 14
ጥር 19 ቀን