የጥቁሩ ጫማ ነገር

ቀጮ፣

እንቅልፍህን አልረብሽም ብዬ ነው በወረቀት። ቁልፌ ሻይ ቅጠሉ ጣሳ ውስጥ ነው። የግቢዋን ቧንቧ ጠበቅ አድርገህ ዝጋ፤ እማማን ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ለሷ ብለው አይጎንበሱ።

በር ላይ ያለውን ጥቁር ጫማ እንዳትነካው።

የልጃቸው ነው፣ ወጥቶ የቀረው፤ ታውቃለህ። ያን ዝናብ የጣለ ዕለት የኔ ሶሉ ቢገነጠልብኝ ያንን አድርጌ ሥራ ሄጄ፣ ከነጭቃው መለስኩት። እማማ አይተው "ልጄ መጥቶ ነበር! እንዴት አልሰማሁትም!" ብለው ሲያለቅሱ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ "ዝም በል፣ ደስ ይበላቸው" ያልከኝ አንተ ነህ።

እሺ፣ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ተከራይ ሆኜ ገብቼ፣ ታምሜ ስተኛ እንደ ልጃቸው ሾርባ በማንኪያ ያጠጡኝን ሴትዮ ዋሸሁ።

ዛሬ ማለዳ በመስኮት አየኋቸው። ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ጫማውን ቧንቧው ሥር አርሰው፣ ሶሉን አፈር ለቅልቀው ቦታው መለሱት። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

"ተኛ ልጄ፣ ገና ነው" አሉኝ።

ልጃቸው እንዳልመጣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ እንጃ። ቁርስ ላይ ፊታቸውን የማይበት ዓይን ግን የለኝም፤ ለዚህ ነው ሳትነሳ ቤቱን ለቅቄ የምሄደው።

ስትነሳ "መጥቶ ነበር" ይሉሃል። "ሲገባ ሰምቼዋለሁ" በላቸው።

እኔ አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ፣ አታስብ። አሮጌውን ከጥቁሩ ጎን ትቼዋለሁ።

እሱንም እንዳትነካው።