ሐሙስ ከናሌዲ የተነሣው ባቡር

ናሌዲ፣ ሶዌቶ
እሑድ፣ ሜይ 16 ቀን

ውድ ልጄ ፑሌ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደርባን እንደኛ ብርድ ባይኖርም ጃኬትህን አትጣል። በራዲዮ ስሰማህ ድምፅህ ጎርነን ብሎ ነበር፤ ጉንፋን ይዞህ ከሆነ ሎሚና ማር በሙቅ ውኃ ጠጣ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን።

ይህን የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ የተነገረ በሌላው ይሰማል፣ አባትህ ደግሞ ጆሮው ገና አላረጀም። አንተም ብትሆን ስደውልልህ ወይ ስብሰባ ወይ ሰልፍ ላይ ነህ። "እማዬ፣ መልሼ እደውላለሁ" ትለኝና ሳምንት ይሞላል። የጎረቤታችን ልጅ ዲኬሌዲ ዛሬ ከሰዓት በአውቶቡስ ወደ ደርባን ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ዓርብ ማታ በራዲዮ "ከናሌዲ ባቡር ያስነሣውን አድማ ሰባሪ ስሙን እንፈልጋለን፣ የሚያውቅ ይንገረን" ስትል ሰማሁ። እኔ አውቀዋለሁ። እነግርሃለሁም። ግን እንደ ስብሰባችሁ አቋርጠህ "ወደ ነጥቡ ግቢ" አትበለኝ፤ እናትህ ነኝ፣ ከመጀመሪያው ነው የምነግርህ።

እናንተ የባቡር ሹፌሮች የመታችሁትን አድማ አልቃወምም። ሰው አሥራ አራት ሰዓት ባቡር ሲነዳ ውሎ በማግሥቱ ተመልሶ ይንዳ ማለት ግፍ መሆኑን ከአባትህ ዓይን ነው የተማርኩት። ሰኞ የዛሬ ሁለት ሳምንት ባቡሩ ሲቀር፣ በየጠዋቱ እየዘመርን የምንሳፈር የሦስተኛው ፉርጎ ምእመናን እንደ ወትሯችን መሳፈሪያው ላይ ቆመን ነበር። ሰባኪያችን ዛካሪያ መጽሐፍ ቅዱሱንና የቧንቧ መፍቻውን በአንድ ቦርሳ ይዞ፣ እኅታችን ሲስ ኖንዙዞ ደወሏን ይዛ፣ እኔ መዝሙር ለማስጀመር ጉሮሮዬን ጠርጌ። የፉርጎ ግድግዳ ሳንመታ ዘምረን አናውቅም፤ የዚያን ቀን በእጃችን ብቻ አጨበጨብን። ቀዝቃዛ መዝሙር ነበር። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዚያ ሁሉም በየፊናው ሮጠ። እኔ የምሰፋበት የልብስ ፋብሪካ በር ስደርስ ሱፐርቫይዘሯ ግላዲስ ሰዓቷን እያየች ቆማለች። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።

ሁለተኛውን እንዴት እንዳገኘሁ ብነግርህ ትስቃለህ፤ ሳቅ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በባቡር ብቻ ስመላለስ የታክሲ የጣት ምልክት ተምሬ አላውቅም። መንገድ ዳር ቆሜ አንዱ ታክሲ ሲመጣ "እዚህ፣ እግሬ ሥር ቁም" ለማለት ጣቴን ወደ መሬት ቀሰርኩ። ሹፌሩ ወዲያው ቆመልኝ። እኔም "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ብዬ መርቄው ገባሁ። ቤተ ክርስቲያኑን አለፍን፣ ትምህርት ቤቱን አለፍን፣ ክሊኒኩን ዞርን፣ ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ።

"አንተ ልጅ፣ ከተማ መቼ ነው የምንደርሰው?" አልኩት።

"የምን ከተማ እማማ? ጣትሽን ወደ ታች አይደል እንዴ ያሳየሽኝ! ወደ ታች ማለት እዚሁ ሠፈር ውስጥ ነው። ከተማ ከሆነ ወደ ሰማይ ነው የሚቀሰረው።"

ከኋላ አንዷ ኮረዳ "እማማ ከየት አገር ነው የመጡት?" ብላ ታክሲውን ሙሉ አሳቀችብኝ። እዚህ ተወልጄ እዚህ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ በገዛ ሠፈሬ እንግዳ ሆኜ ወረድኩ። ግላዲስ ግን አልሳቀችም። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ባለፈው ረቡዕ መጣ፤ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መሐል መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀይ ማኅተም አለ፦ "የመጨረሻ"። ከዚያ በኋላ አንዲት ደቂቃ ባረፍድ፣ በሩ ከሚዘጋበት ከአንድ ሰዓት አንዲት ደቂቃ ባልፍ፣ መሰናበት ነው። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሽንኩርት የምከትፍ መስዬ አለቀስኩ።

አባትህ ወረቀቱን አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ደግሞ አነበበው። ከዚያ የጫማ ቀለም ፈልጎ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን መወልወል ጀመረ።

"ነገ ፊሪን ላግዘው ነው" አለኝ። ፊሪ አብሮት ጡረታ የወጣው ጓደኛው ነው። "ዶሮ እርባታ ጀምሯል፤ የሽቦ ሥራ አለው።"

"ስንት ሰዓት?"

"አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ።"

"ሰው ሳይነሣ?"

"ዶሮ ማልዶ ነው የሚነሣው፣ ማፑሌ።" አንተ ከተወለድክ ወዲህ ሰው ሁሉ በስምህ፣ የፑሌ እናት እያለ፣ ነው የሚጠራኝ።

ለዶሮ ጫማ ሲወለውል እያየሁት ሽንኩርቴን ከተፍኩ። አልጠረጠርኩም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ቤት መዋል ሲሰለቸው የማይሆነው የለም ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ባቡር እንደሚነሣ በራዲዮ ተነገረ። ሹፌሮቹ አድማ ላይ ስለሆኑ አለቆችና ጡረተኞች እየተጠሩ ነው የሚል ወሬ ነበር። ጣቢያው በር ላይ የማኅበራችሁን ቀይ ቲሸርት የለበሱ ጎረምሶች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተደርድረዋል፤ ፖሊሶቹ ከወዲያ ማዶ እጃቸውን እያሹ ይሞቃሉ። ሕዝቡ ግን ከሁለቱም ይበልጥ ነበር። ከጎረምሶቹ አንዱ አወቀኝ።

"ይቺ የፑሌ እናት አይደለችም እንዴ? የደርባኑ ፑሌ! እማማ፣ ልጅሽ እየታገለ አንቺ በአድማ ሰባሪ ባቡር ልትሄጂ ነው?"

"እኔ ልሠራ ነው የምሄደው" አልኩት።

"እሱስ ምን ይልሻል?"

ሲስ ኖንዙዞ ክንዴን ይዛ "ማፑሌ፣ ካፈርሽ እንመለስ፤ እኔ ግን የማሳድጋቸው አሉኝ፣ እሳፈራለሁ" አለችኝ። አፈርኩ፣ ልጄ። አንተን አፈርኩህ። እግሬ ግን አልተመለሰም፤ መሳፈሪያው ላይ ከትኬት መስኮቱ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ሥር፣ እንደ ወትሮው ቆምኩ። ባቡሩ ሲመጣ ልሳፈር ወይስ ልተው ገና አልወሰንኩም ነበር።

አንተ ሹፌር ስለሆንክ ይህን ትረዳዋለህ። ሌሎቹ ሹፌሮች አንድ ቀን አሳልፈው፣ አንድ ቀን ሳይደርሱ ያቆማሉ፤ እኛ አሮጊቶች ወደ ሦስተኛው ፉርጎ እንሮጣለን። አባትህ ይነዳ በነበረበት ዘመን ግን ፈረቃው የጠዋቱ ሲሆን የሦስተኛው ፉርጎ መካከለኛ በር እዚያች ምሰሶ ፊት፣ አፍንጫዬ ሥር ነበር የሚቆመው። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ ማታ ራት ስናቀርብ ለእሱ ትልቁን ቁራጭ ሥጋ አደርግለት ነበር፣ በቃ።

ሐሙስ ዕለት ያ ባቡር መጣ፣ ፍሬኑን እየሳበ ዘገየ፣ ቆመ። በሩ እኔ ፊት ተከፈተ። የጫማዬ ጫፍና የፉርጎው ደረጃ ተገጣጠሙ።

ስሙን ነገርኩህ እንግዲህ።

ገባሁ። ሌላ ምን ላደርግ ነበር? ያን ቀን ማንም አልዘመረም። ዛካሪያ "ዛሬ በልባችን" ብሎ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ሰው ሁሉ ከመስኮት ራቅ ብሎ ተጠጋግቶ ቆመ። ሰዓቴ ላይ ደረስኩ። ማታ አባትህን "ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?" አልኩት፤ "ይበላሉ" አለኝ። ዓርብም እንዲሁ ወጣ፣ እኔም እንዲሁ ተሳፈርኩ። ሁለተኛውን ድልድይ ስናልፍ ድንጋይ ወረደብን። ከፊት በኩል የመስታወት ድምፅ ሰማሁ፤ ባቡሩ ግን አልቆመም፣ ፍጥነቱም አልተለወጠም። እኔ ብቻ ነኝ የጮኽኩት። ሲስ ኖንዙዞ "ምን ሆንሽ? እኛን አላገኘንም እኮ!" አለችኝ። ከተማ ስንደርስ ወደ ፊት ሮጬ ላየው ፈለግኩ፤ ፖሊሶቹ ከለከሉን፣ ሰዓቱም አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ልብስ የሰፋሁት በእጄ እንጂ በልቤ አልነበረም።

ማታ ስገባ ቅንድቡ ላይ ፎጣ ይዞ ተቀምጧል።

"የፊሪ ሽቦ ነው" አለኝ ሳልጠይቀው።

"እስቲ ልየው።"

ውኃ አሞቅሁ፣ ጨው ጨመርኩበት፣ አጠብኩት። ከቅንድቡ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል የመስታወት ስባሪ በጥፍሬ ጫፍ አወጣሁ። ሁለታችንም መዳፌ ላይ አየናት። ከዓይኑ ያራቃት አንድ ጣት ነው።

"ክፉ ሽቦ ነው" አልኩት።

"ክፉ ነው" አለኝ።

ከዚያ የበቆሎ ገንፎውን፣ ፓፑን፣ በጎመን እየበላን ሳለ አንተ ራዲዮ ላይ ወጣህ። ላጠፋው ተነሣሁ፣ እጄን ያዘኝና አስቀመጠኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጠህ። "ወገኑን የሸጠ ሰው" ስትል፣ "ስሙን ጣቢያው ግድግዳ ላይ እንጽፈዋለን" ስትል፣ ማንኪያውን ይዞ ይሰማ ነበር። እሱ በቀድሞው ዘመን አድማ ላይ ተባሮ አንተ በሆዴ እያለህ ሦስት ወር ያለ ሥራ የከረመ ሰው ነው፤ ቀይ ቲሸርቱ አሁንም ሣጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ስትጨርስ ራዲዮውን ራሱ ዘጋና "ልጁ አነጋገር ያውቃል። እኔ እንደዚህ አልችልም ነበር" አለ። ኮርቶ ነው የተናገረው፣ ፑሌ። ይህን እንድታውቅልኝ ነው ወረቀቱን ሁሉ የጨረስኩት።

ቅዳሜ እስከ ቀትር እንሠራለን። ቅዳሜ ባቡር ስለሌለ በታክሲ ሄድኩ፤ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ እንደ አዋቂ። ፋብሪካው ጋ ስደርስ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ድንጋይ አግዳሚ አለች። ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ሲገቡ እጅ ነሣኋቸው፤ "ነይ እንጂ!" ሲሉኝ "መጣሁ" አልኩ። ሳይረኑ ጮኸ። ዘበኛው በሩን ሲስበው እያየሁት ነበር። አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ፣ ተነሣሁ፣ መንገዱን ተሻገርኩና አንኳኳሁ። ግላዲስ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንባዋ መጣ። "ማፑሌ፣ ዛሬ ባቡር የለም፣ ምክንያት እጽፍልሻለሁ፣ አንድ ምክንያት ብቻ ንገሪኝ" አለችኝ። "ምክንያት የለኝም፣ ተቀምጬ ነበር" አልኳት። ፈረምኩና ወጣሁ።

ለአባትህ ቤት ስገባ ነገርኩት።

"ባቡሩ እኮ…" ብሎ ጀመረና ቆመ።

"ባቡሩ እኮ ምን?"

"ምንም። ዛሬ ባቡር አልነበረም ለማለት ነው።"

"አልነበረም። ሰኞ ቢኖርም እኔን አይመለከተኝም።"

የቅንድቡን ቁስል ዳሰሰ። በመጨረሻ "እንግዲያውስ ሽቦውን ፊሪ ብቻውን ይጨርሰው" አለ። ያኔ ነው ጫማዬን ያወለቅኩት።

ስለዚህ ሰኞ ከናሌዲ ያ ሰው ባቡር አይነዳም። አትፈልጉት። ስሙን ለጓዶችህ ትነግር አትነግር ያንተ ጉዳይ ነው፤ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ እኔ አልለምንህም። አልተቆጣሁህም ብዬ ግን አልዋሽህም። ማሽን ቁጥር አርባ አንድ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬበታለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እግሬ ፔዳሏን ሲፈልግ ያዝኩት። ለአባትህ አውቄ እንደቀረሁ አትንገረው። እሱ እኔን ሊያድን ሄዶ ነበር፤ እንዳልዳንኩ ይወቅ እንጂ ማን እንዳዳነው አይወቅ።

ትግላችሁ ይቅናችሁ፣ ልጄ። የጠየቃችሁት ይሰጣችሁ፣ ሹፌር ሁሉ እንቅልፉን ጠግቦ ይንዳ፣ ከድልድይ ላይ የሚወረወር ነገር ሁሉ ከሰው ልጅ ፊት ይራቅ፣ አንተንም አምላክ በሄድክበት ይጠብቅህ።

ሎሚውን አትርሳ። አድማው ሲያልቅ ና። ጠዋትም ና፣ ቀትርም ና፤ ከእንግዲህ ሁልጊዜ ቤት ታገኘኛለህ።

የምትወድህ እናትህ፣
ማፑሌ