በአባባ ኪስ ያለችው ክዳን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን እንዳልነግርህ የከለከለኝ አባባ ነው። እስከ ዛሬም ቃሉን ጠብቄ ዝም ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጎማ ላስነፋ ጎሚስታው ጓደኛህ ጋ ብሄድ፣ ጎማውን ትቶ ስላንተ ያወራኝ ጀመር። «አባቴ እኮ ሊሸኘኝ እንኳን ከቤት አልወጣም» ብለህ በስልክ እንዳለቀስክ ነገረኝ። እኔም መሪ ይዤ እያለቀስኩ ሥራ ገባሁ። ተሳፋሪዎቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሲያጽናኑኝ ዋሉ።

አባባ ወጥቶ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ሊሸኝህ ወጥቶ ነበር። ያስቀረን የራዲያተር ክዳን ነው።

አትሳቅ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከመሄድህ በፊት አባባን «ይህችን ቆርቆሮ ሽጣትና እረፍ» ያልከው ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን ታክሲ የሠራባትን መኪና ቆርቆሮ ስላልክበት፣ ጎሚስታው ደጅ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ መሪ ጨባጭ እንጂ ሹፌር አይደለህም» አለህ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት እየኖራችሁ ተኳረፋችሁ። ጨው እንኳን በኔ በኩል ነበር የምትቀባበሉት። «ለወንድምሽ ንገሪው»፣ «ለአባትሽ ንገሪው»። ወንድምነትህም የኔ ብቻ፣ አባትነቱም የኔ ብቻ ሆኖ አረፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ምን ያደርግ እንደነበር አትረሳውም። የራዲያተሩን ክዳን ፈትቶ ከሥሯ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒዋን፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ሞላዋን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ የራዲያተሩን አፍ እየዳሰሰ ዝገት ይፈልጋል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የሚያየው በጣቱ ነው። «ክዳን ናት ብላችሁ አትናቋት» ይለን ነበር። «ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ አፍና የምትይዘው እሷ ናት። ሲበዛበት ታስተነፍሰዋለች፣ ሲበርድ የወጣውን መልሳ ታስገባዋለች።» እኛ ከኋላው እየተጠቃቀስን እንስቃለን።

ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ስትል ጎሚኒዋ ተሰነጣጥቃ ውሃ ማባከን ጀምራ ነበር። ብትኳረፉም ሆድህ አልቆርጥ ብሎህ፣ በመሄድህ ዋዜማ ከመለዋወጫ ተራ አዲስ ክዳን ገዝተህ መጣህ። ለማንም ሳትናገር ገጠምካት፤ አሮጌዋንም በጨርቅ ጠቅልለህ መፍቻ ሣጥኑ ውስጥ አኖርካት፤ ኋላ ነው ያገኘናት። አዲሷ ልክክ ብላ ስለዞረችልህ አልተጠራጠርክም። ደህና ጊዜ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ አባባ እጅ ላይ ነበር የምታስቀምጣት። እሱም አንዴ ተጭኗት፣ ሞላዋ አጭር እንደሆነች፣ ታች ደርሳ እንደማትደፍን ይነግርህ ነበር። ግን መነጋገር የት ነበረና።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ በጓደኛህ ሞተር ስትወጣ፣ አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። አንተ ያየኸው ያንን ነው። የሞተሩ ድምፅ ገና ከመንገዱ ሳይጠፋ ተነስቶ ኮቱን ሲፈልግ ግን አላየኸውም።

«ተነሺ፣ መኪናዋን አውጪያት» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወዴት ትለኛለች እንዴ! መናኸሪያ ነዋ!»

መንገድ ላይ የሚልህን ሲለማመድ መጣ። «‹ልጄ› ልበለው ወይስ በስሙ ልጥራው?» አለኝ። «ልጄ በለው» አልኩት። «እሺ። ‹ልጄ፣ ያን ቀን ያልኩህን እርሳው። ሹፌር ነህ። ከኔም ትሻላለህ።› ይበቃዋል?» «ይበቃዋል አባባ።» ወዲያው ደግሞ፣ «‹ከኔም ትሻላለህ› የሚለውን እንኳ እንተወው፤ ይኮራል» አለ። ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ የሳቀው።

ዳገቱን ሳንጨርስ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ቡልቅ አለ። መንገድ ዳር አውጥቼ አጠፋኋት። አንድ ደግ መንገደኛ ክዳኑን ሊከፍት ጨርቅ ይዞ ሲጠጋ አባባ «እጅህን ሰብስብ! ፊትህን ይልጠዋል!» ብሎ ጮኸበት። ሌላ ታክሲ ብለምን ሁሉም ሙሉ ነው። ወዳንተ ብደውል ስልክህ ዝግ ነው።

እንዲህ ቆመን ሳለ የምትሄድበት ከተማ ስም የተጻፈበት ያንተ አውቶቡስ በአጠገባችን አለፈ። «አባባ፣ እሱ ነው» አልኩት። መስኮቶቹን መለየት አይችልምና እጁን አንስቶ ለአውቶቡሱ በሙሉ አውለበለበ። አውቶቡሱ ካለፈም በኋላ አላወረደውም።

«አይቶን ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ አባባ።»

በወዲያኛው በኩል ተቀምጠህ ይሆናል።

ሞተሩ ሲበርድ ክዳኗን ራሱ ፈታት። በአውራ ጣቱ ተጫናት፣ ደግሞ ተጫናት። «ይቺ የኛ አይደለችም» አለ። ቆይቶ፣ «እሱ ነው የቀየራት። እንዳንቸገር ብሎ ነው» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «ስሚኝ፣ ይህን እንዳትነግሪው። በራሱ ከሚያዝን በኔ ይቀየም።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ በሱ ተቀይመህ ኖርክ። ያኔውኑ ብነግርህ ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል። ስትደውል «አባባን ላገናኝህ?» እልሃለሁ፤ «ሌላ ጊዜ» ትለኛለህ። ስልኩን የምዘጋው እሱ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

አሁን ልኳ የሆነች ክዳን ገዝተናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ሲጠርጋት ያረፍዳል። ያንተን ባለ አጭር ሞላዋን ግን አልጣላትም። ኮቱ ኪስ ውስጥ ናት። ስልኬ ሲጮህ እጁን ይከትና ሞላዋን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋታል። «እሱ ነው?» ይለኛል። «አዎ አባባ።» ይጠብቃል። ስንጨርስ «እኔን ፈለገኝ?» ይለኛል። «ቸኩሎ ነው» እለዋለሁ።

ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ያን ቀን የተለማመደውን ግን አንዲት ቃል አልረሳም። «ከኔም ትሻላለህ» የምትለዋን ይጨምራት ይተዋት እንደሆነ ብቻ እስከ ዛሬ አልወሰነም።

ወንድም ጋሼ፣ በሚቀጥለው ስትደውል አትቸኩል። «እኔን ፈለገኝ?» ሲለኝ ስልኩን እጁ ላይ ላስቀምጥለት።

እህትህ
ሚጣ